ክረምቱን ሀዋሳ የቆመች አውሮፕላን ለቅዳሜ ትደርሳለች ወይ? የሮታክስ 912 ዘይት፣ ቤንዚንና ካርቡሬተር

የተጠየቀው ይህ ነው፦ «ሁለት ሰው የምትይዝ ቀላል አውሮፕላን አለችኝ። ሞተሯ ሮታክስ 912 ዩኤልኤስ፣ ባለ 100 የፈረስ ጉልበት ነው፤ 430 ሰዓት ሠርቷል። ከሰኔ ጀምሮ ሀዋሳ ቆማ ነበር። ሰሞኑን ላስነሣት ስል የዘይት መለኪያው ደረቅ ሆኖ ስላገኘሁት አንድ ሊትር ጨመርኩ። ተነሣች፤ ግን በዝቅተኛ ዙር ትርገፈገፋለች። 4000 ዙር ላይ አንዱን ማቀጣጠያ ስዘጋ 350 ዙር ይወርዳል፣ ሌላውን ስዘጋ 180። የነዳጅ ታንኩ ውስጥ ያለው ከክረምት በፊት ከማደያ የቀዳሁት ቤንዚን ነው። ቱቦዎቿ ከተቀየሩ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቅዳሜ ከጓደኛዬ ጋር ሐይቁን ዞሬ ልመለስ እችላለሁ ወይ?»

አይችሉም። ከጓደኛዎ ጋርም ሆነ ብቻዎን ለዚህ ቅዳሜ አትደርስም። ደስ የሚለው ግን ከጻፉት ውስጥ ሞተሩ ሞቷል የሚያሰኝ ነገር የለም። አብዛኛው መቆም ያመጣው ጣጣ ነው፤ አንዱን ግን ራስዎ ጨመሩበት፤ ያቺን አንድ ሊትር።

ከዘይቱ ልጀምር፤ የመኪና ልማድ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያሳስታል። የመኪና ሞተር ዘይቱን ከሥሩ ባለው ቋት ይዞ ነው የሚኖረው፤ መለኪያውን መዝዞ ማየት ይበቃል። ሮታክስ 912 ግን ዘይቱን የሚያስቀምጠው ከሞተሩ ውጭ ባለ የብቻው ታንክ ነው። ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚስበው ፓምፕ ነው። ከሞተሩ ሥር ወደ ታንኩ የሚመልሰው ግን ፓምፕ አይደለም፤ በፒስተኑ ፋሻ በኩል ሾልኮ ወደ ታች የሚወርደው ጋዝ ነው ዘይቱን ገፍቶ የሚመልሰው። ሞተሩ ሲቆም ዘይቱ ቀስ እያለ ከታንኩ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። አራት ወር ከቆመ በኋላ መለኪያው ደረቅ ሆኖ መገኘቱ ስለዚህ አያስደንቅም። ዘይቱ አልጎደለም፤ ቦታ ነው የቀየረው። መለኪያው ላይ በታችኛውና በላይኛው ምልክት መካከል ያለው ልዩነት 0.45 ሊትር ብቻ ነው። እርስዎ የጨመሩት ከዚያ እጥፍ ይበልጣል። ሞተሩ ሲነሣ ከሆዱ የነበረው ሁሉ ወደ ታንኩ ተመልሶ ታንኩ ይሞላል፤ ትርፉ በመተንፈሻው ቱቦ ወጥቶ የአውሮፕላኗን ሆድ ይቀባል። አሁን ሄደው ከሥሯ ቢያዩ ዘይት ሳያገኙ አይቀሩም። ያንን የሞተር ማፍሰስ እንዳይመስልዎ።

ትክክለኛው አለካክ እንዲህ ነው። ሁለቱም ማቀጣጠያዎች ይዘጉ፣ ቁልፉ ይነቀል፣ የነዳጅ መስጫው ወደ ዝቅተኛው ይመለስ፣ ጎማዎቹ በታኮ ይያዙ። የዘይት ታንኩን ክዳን ይክፈቱ። ከዚያ ፕሮፔለሩን በእጅዎ፣ ሁልጊዜ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ፣ በዝግታ ያዙሩ። ፒስተኑ አየር ሲያምቅ እጅዎን ይከብደዋል፤ እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ሰኮንድ ያህል ይያዙት። የታመቀው አየር በፋሻው በኩል እየሾለከ ከሥር ያለውን ዘይት የሚገፋው ያን ጊዜ ነውና በችኮላ ማሽከርከር ምንም አይጠቅምም። ከብዙ ዙር በኋላ ከተከፈተው ታንክ ጀበና ሊገነፍል ሲል የሚያሰማው ዓይነት ጉልግልታ ይሰማሉ። ያ ድምፅ ከሥር ዘይት አልቆ አየር መምጣት እንደ ጀመረ ይነግራል። ከጉልግልታው በፊት የተነበበ ልክ ልክ አይደለም። ከዚያ በኋላ መለኪያውን ጠርገው ይንከሩ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል፣ ይልቁንም በላይኛው ግማሽ ላይ ከሆነ በቂ ነው።

ወደ ኋላ ማዞር ለምን ክልክል ሆነ? ወደ ኋላ ሲዞር ፓምፑ አየር ወደ ዘይት መስመሩ ሊያስገባ ይችላል፤ አየሩ ቫልቮቹን የሚገፉት በዘይት የሚሠሩ ታፔቶች ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሞተሩ ሲነሣ ከላይ መንቀጭቀጭ ይጀምራል፤ ቫልቮቹም በትክክል አይከፈቱም። በዚያ ላይ ፕሮፔለርን የሚነካ ሰው ማቀጣጠያው ተዘግቷል ብሎ አይመን። የዚህ ሞተር ማቀጣጠያ ፍጥነቱ በደቂቃ ወደ 220 ዙር ካልደረሰ ብልጭታ አይሰጥም ይባላል፤ እውነት ነው። ቢሆንም በፕሮፔለሩ የመዞሪያ መስመር ውስጥ ራስና እግር አይግባ።

የእርስዎን ትርፍ ዘይት በሲሪንጅ መጥጦ ማውጣት ይቻላል፤ እኔ ግን ሁሉንም ቀይሩት እላለሁ። አራት ወር ክረምት የቆመ ዘይት ውሃም ቤንዚንም ጠጥቷል። ሞተሩን በመሬት ላይ አሙቁት፣ አጥፉት፣ ጉልግልታው እስኪሰማ አዙሩት፣ ከዚያ ከታንኩ ሥር ያለውን ቡሎን ፈትታችሁ አፍስሱት። ወደ 3 ሊትር ይወጣል፤ የሚገባውም ያንኑ ያህል ነው። ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን የዘይት ቱቦዎች አትፍቱ፤ መስመሩ ውስጥ አየር ከገባ አየሩን ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ማጣሪያው ሲቀየር ላስቲኩ ዘይት ይቀባል፤ በእጅ ጠብቆ ከተቀመጠ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይጨመርበታል። የታንኩ ቡሎን በ25 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል።

የሚገባው የዘይት ዓይነት ከአንድ በላይ ነው፤ የማይገባው ግን በግልጽ ይታወቃል። ይህ ሞተር ካምቢዮውንና በውስጡ ያለውን ፍሪሲዮን ከሞተሩ ጋር በአንድ ዘይት ነው የሚያጠጣው። ስለዚህ የሚፈልገው ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክል የተሠራ፣ የኤፒአይ (የአሜሪካ የፔትሮሊየም ተቋም) ደረጃው ኤስጂ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ የካምቢዮ መከላከያ ያለው ዘይት ነው። ኤሮሼል ስፖርት ፕላስ 4 ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ነው። የተለመደው የአውሮፕላን ዘይት አይሆንም። የናፍጣ ሞተር ዘይትም፣ ሰበቃ ይቀንሳል ተብሎ የሚሸጥ ማንኛውም ተጨማሪም አይሆንም፤ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል።

ዘይት በተቀየረ ቁጥር ማግኔት ያለው ቡሎን ይፈታል፣ የወጣው ማጣሪያም ይቆረጣል። በመጋዝ አይደለም፤ የመጋዙ ፍርፋሪ ራሱ ያሳስታል። ወረቀቱን ዘርግተው በፀሐይ ላይ ይዩት። ማግኔቱ ላይ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ በጣት ሲፈትጉት እንደ ቅባት የሚሆን ነገር የተለመደ ነው። ጥቂት ቀጫጭን የብረት ብናኝ፣ ተሰብስቦ ከ3 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ፣ ይታለፋል። ጠፍጣፋና አንጸባራቂ ስባሪ፣ ወይም ማጣሪያው ውስጥ ነሐስ የመሰለ ቅንጣት ካገኙ ግን አውሮፕላኗ ከቦታዋ አትንቀሳቀስ። ቡሎኑን ሲመልሱ 25 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያም በሽቦ ይታሰር።

አሁን ቤንዚኑ። ከሰኔ የቆየውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ያውጡት፤ መኪናዎ ይጠጣው፣ እሱ ቢቆም መንገድ ዳር ነው የሚቆመው። ቤንዚን ሲቆይ ቀላሉ ክፍሉ ይተንና ለማስነሣት አስቸጋሪ ይሆናል። የቀረው እየወፈረ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች የሚደፍን ሙጫ ይተዋል። ግማሽ የሞላ ታንክ ደግሞ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከውስጥ ያልባል፤ ከሐይቁ ዳር ክረምቱን ሲያድር የሚሰበሰበው ውሃ ቀላል አይደለም።

ለ912 ዩኤልኤስ ዝቅተኛው ኦክቴን (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን እንዳያንኳኳ የሚቋቋምበት ልክ) 95 ነው። 80 የፈረስ ጉልበት ያለው ታናሽ ወንድሙ በ90 ይሠራል፤ የሁለቱ ልዩነት የሚመጣው የዩኤልኤስ የአየር ማመቅ መጠን ከፍ ያለ በመሆኑ ነው። ማደያው የሚሸጥልዎ ቤንዚን ኦክቴኑ ስንት እንደሆነ በወረቀት ካልታወቀ 95 ነው ብለው አይገምቱ። ከፍታው ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ማንኳኳት ይቀንሳል የሚሉ አሉ። በመርህ ደረጃ ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ይህ ሞተር ሲያንኳኳ በፕሮፔለሩና በንፋሱ ድምፅ መካከል አይሰማዎትም፤ የሚሰማዎት ፒስተኑ ሲበሳ ነው።

ኤታኖል መኖር አለመኖሩን በቤትዎ ማወቅ ይቻላል። ምልክት ያለው ጠባብ የመስታወት ዕቃ ያግኙ። 10 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ በላዩ 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ይጨምሩ። ክዳኑን ይዘው ይናጡት፤ አሥር ደቂቃ ይተዉት። ከታች ያለው የውሃ መስመር 10 ላይ ከቀረ ኤታኖል የለውም። ወደ 19 ከወጣ ውሃው 9 ሚሊ ሊትር ኤታኖል ጎትቶ ወስዷል፤ ይህም ከቤንዚኑ 10 በመቶ ነው። ሞተሩ እስከ 10 በመቶ ይችላል፤ ታንኩ፣ ማጣበቂያውና መለኪያው መቻላቸውን ግን የሚነግርዎ የአውሮፕላኗ መመሪያ ነው። ኤታኖል ያለው ቤንዚን ውሃ ሲበዛበት ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ ኤታኖሉ ከውሃው ጋር ከታች ይተኛል፣ ከላይ የቀረው ቤንዚን ኦክቴኑ ይወርዳል። ሞተሩ በመጀመሪያ የሚስበው የታችኛውን ነው።

ሀዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ ስላለ አንድ ነገር ልጨምር። ለትልልቆቹ አውሮፕላኖች የሚቀዳው ጄት ኤ1 ነጭ ጋዝ ዘመድ ነው፤ ለዚህ ሞተር መርዝ ነው። ከተጠራጠሩ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ያድርጉ፤ ቤንዚን ተኖ ይጠፋል፣ ጄት ኤ1 የቅባት ክብ ትቶ ይቀራል። የአቪዬሽን ቤንዚን ካገኙ ይሠራል፤ ነገር ግን እርሳስ ስላለበት ከሥራ ሰዓትዎ 30 በመቶ በላይ በእሱ ከበረሩ ዘይቱን በ100 ሳይሆን በ50 ሰዓት መቀየር ይኖርብዎታል። እርሳሱ ዘይቱ ውስጥ ጭቃ እየሆነ ነው የሚጠራቀመው።

ወደ መርገፍገፉ እንምጣ። ይህ ሞተር ሁለት ካርቡሬተር አለው፤ የቀኙ ለ1ኛና ለ3ኛ ሲሊንደር፣ የግራው ለ2ኛና ለ4ኛ ይሰጣል። ሁለቱ እኩል ካልሰጡ አንዱ ወገን ይገፋል፣ ሌላው ይጎተታል፤ ያ ነው በዝቅተኛ ዙር የሚንቀጠቀጠው። ንቅናቄው በመጨረሻ የሚያርፈው በካምቢዮው ጥርሶች ላይ ነው። ስለዚህ «ዙር ስጨምር ይጠፋል» ብሎ መተው ውድ ዋጋ ያስከፍላል። በጤናው ጊዜም ቢሆን ሞተሩን ከ1800 ዙር በታች ለረጅም ጊዜ አታቆዩት።

ብዙ ሰው ቶሎ የሚሮጠው ካርቡሬተሮቹን ወደ ማመጣጠን ነው። ቆሞ በነበረ ሞተር ላይ ያ ሥራ መጨረሻ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ የካርቡሬተሮቹን የታች ሳህን በየተራ ያውርዱ፤ በሽቦ ማያያዣ ነው የተያዘው፣ ቤንዚኑ ሳይደፋ ቀጥ አድርገው ይዘው ንጹሕ ነጭ ዕቃ ላይ ይገልብጡት። ከሥሩ እንደ ዶቃ የሚንከባለል ውሃ፣ ቡናማ ሙጫ፣ ወይም ጥቁር የላስቲክ ፍርፋሪ ይፈልጉ። ጥቁሩ ፍርፋሪ ካለ የመጣው ከስድስት ዓመቱ ቱቦዎች ውስጥ ነው፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ሳህኑ ውስጥ ሁለት ፍሎቶች፣ ማለትም ቤንዚኑ ላይ እየተንሳፈፉ ልኩን የሚጠብቁ ተንሳፋፊዎች፣ አሉ። በዚህ ካርቡሬተር ላይ ቤንዚን እየጠጡ የሚከብዱ ፍሎቶች ከታወቁ ቆይተዋል። ፍሎት ሲከብድ ሳህኑ ከልኩ በላይ ይሞላል፣ ያ ወገን ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ በዝቅተኛ ዙር ይርገፈገፋል፤ የእርስዎ ምልክት ሁሉ እዚህ ጋ ይገጥማል። ሁለቱን ፍሎቶች ይጥረጉና በአንድነት ይመዝኑ፤ ከ7 ግራም መብለጥ የለባቸውም። የሱቅ ሚዛን ይህን አይለይም፤ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ይውሰዷቸው። 7 ግራም ካለፉ ይቀየሩ፤ በፀሐይ አድርቆ መመለስ አይሠራም።

ፍሎቶቹ ደህና ከሆኑ ቀጥሎ የዝቅተኛ ዙር ጄት፣ ቤንዚን የሚለካው ትንሽ አፍ፣ ነው። ቀዳዳው እጅግ ቀጭን ስለሆነ አራት ወር የተኛ ቤንዚን በቀላሉ ይደፍነዋል። በካርቡሬተር ማጽጃና በአየር ይነፋ፤ ሽቦ አይግባበት፣ ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ ልኩ ጠፋ። ከዚያ የማስነሻ መሳቢያው (የቾኩ) ገመድ በሁለቱም ወገን እስከ መጨረሻው መመለሱን ይዩ፤ አንዱ ወገን በሚሊ ሜትር ተከፍቶ ቢቀር ያው በሽታ ነው። ከላይ ያለውን ሽፋን ፈትተው ቀጭኑን ላስቲክ ወደ ብርሃን ዘርግተው ቀዳዳ ይፈልጉ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው በሁለት የቫኩም ጌጅ ማመጣጠን የሚመጣው፤ ሞተሩ ሞቆ፣ መጀመሪያ ገመዶቹ በእኩል ጊዜ መነሣታቸው ታይቶ፣ ከዚያ በጌጁ። ሥራው በሚዞር ፕሮፔለር አጠገብ ስለሆነ ጅራቷ ይታሰር፤ አንድ ሰው መሪው ላይ ይቀመጥ፣ ፈቃድ ያለው ቴክኒሻን ይሥራው።

የነዳጅ መስጫው ገመድ ላይ እጅዎ ከገባ አይቀር ይህን ይወቁ፦ ካርቡሬተሮቹ ላይ ያሉት ስፕሪንጎች የሚስቡት ወደ ሙሉ ክፍት ነው። ገመዱ ቢበጠስ ሞተሩ አይጠፋም፤ ወደ ሙሉ ጉልበት ይሄዳል። መሬት ላይ ሲሆን እጅ የሚሄደው ወደ ፍሬን ሳይሆን ወደ ማቀጣጠያው መሆን አለበት።

የ350 ዙሩ ጉዳይ። ልኩ 4000 ዙር ላይ ከ300 የማይበልጥ ቅናሽ፣ በሁለቱ መካከልም ከ115 የማይበልጥ ልዩነት ነው። የእርስዎ በሁለቱም ወድቋል፤ ልዩነቱ ብቻ 170 ነው። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚሠራ ስህተት አለ፦ ሰው የዘጋውን ማቀጣጠያ ይጠረጥራል። የታመመው የቀረው ነው። አንዱን ሲዘጉ ሞተሩ በሌላው ብቻ ነው የሚሄደው፤ 350 የወረደው ያ ብቻውን ሲሠራ ነው። እያንዳንዱ መስመር ለአራቱም ሲሊንደር አንድ አንድ ካንዴላ ያቀጣጥላል፣ በድምሩ ስምንት ካንዴላ። ስምንቱንም በተራቸው ፈትተው ጨርቅ ላይ በሞተሩ አቀማመጥ ይደርድሯቸው። የአንድ ወገን ካንዴላዎች ሁሉ ጥቁር ከሆኑ ነገሩ የካርቡሬተር ነው፤ ማቀጣጠያውን ይተዉት። አንድ ካንዴላ ብቻ ከወንድሞቹ ከተለየ ግን እሱን፣ ኮፍያውንና ገመዱን ይመርምሩ። ለዩኤልኤስ የሚሆነው ኤንጂኬ ዲሲፒአር8ኢ ነው፤ ክፍተቱ ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር፤ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ፣ ጥርሱ በጥቂቱ በሙቀት አስተላላፊ ቅባት ተቀብቶ፣ በ20 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ከ200 ሰዓት በኋላ ግን ማጽዳቱ ትርፍ የለውም፣ ይቀየሩ። በነገራችን ላይ ምንም ዙር የማይወርድ ከሆነ ደስ አይበልዎ። ማጥፊያው ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነው፤ ቁልፉ ተዘግቶም ፕሮፔለሩ ሕይወት አለው።

ቱቦዎቹ ላይ ክርክር የለኝም። የነዳጅ፣ የዘይትና የውሃ ቱቦ ሁሉ፣ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ የሚያያይዙት ላስቲኮች፣ የካርቡሬተሩ ቀጭን ላስቲክና የነዳጅ ፓምፑ በየ5 ዓመቱ ይቀየራሉ፤ 430 ሰዓት ሠራ 40 ሰዓት ለውጥ የለውም። ላስቲክ የሚያረጀው በቀን መቁጠሪያ ነው። ካርቡሬተሩን የያዘውን ላስቲክ በጣትዎ ወደ ጎን ገፋ አድርገው ሥሩን ይዩት፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከማይታየው ወገን ነው። ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው፤ ቅዳሜ የማይሆንበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ቱቦ ሲቀየር ውሃውም ይቀየራል፤ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ግማሽ በግማሽ፣ በየሁለት ዓመቱ። የራዲያተሩን ክዳን ላስቲክ ግን ሳያዩ አይለፉ። ሀዋሳ ከባሕር ወለል ወደ 1700 ሜትር ከፍ ትላለች፤ እዚህ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፈሳሹ ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለያዘ ብቻ ነው። የሚያስተነፍስ ክዳን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ይልቅ እርስዎን ቀድሞ ያስቸግራል።

ሞተሩን ሳይተዉ የቆመ አካሏን ይዩ። ጭቃ ሠሪ ተርብ የአየር ፍጥነት መለኪያውን ቱቦና የነዳጅ ታንኩን መተንፈሻ ይወዳል። መተንፈሻው ከተደፈነ ሞተሩ መሬት ላይ በደንብ ይሠራል፣ ከተነሡ በኋላ ታንኩ ቫኩም ይዞ ነዳጅ ይቋረጣል። የታንኩን መተንፈሻ በአፍ ነፍተው አየር መሄዱን ያረጋግጡ። የአየር ማጣሪያው ውስጥ የአይጥ ጎጆ፣ ማርሚታው ላይ በስፕሪንጎቹ አጠገብ ስንጥቅ ይፈልጉ።

ሁሉም ሲያልቅ የመሬት ሙከራው ይህ ነው። ጅራቷ ታስሮ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገብ ሆኖ ያስነሡ። ማስነሻውን ከ10 ሰኮንድ በላይ አይያዙ፤ እምቢ ካለ ሁለት ደቂቃ ያሳርፉት። ከተነሣ በ10 ሰኮንድ ውስጥ የዘይት ግፊት ካልታየ ወዲያው ያጥፉ። በ2000 ዙር ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ በ2500 ዘይቱ 50 ዲግሪ እስኪደርስ። ከ3500 ዙር በላይ ግፊቱ ከ2 እስከ 5 ባር መሆን አለበት። 4000 ላይ ማቀጣጠያዎቹን ይፈትሹ። ለአጭር ጊዜ ሙሉ ጉልበት ሰጥተው ዙሩን ይጻፉ፤ የነዳጅ ግፊቱ ከ0.15 ባር በታች አይውረድ። ፕሮፔለሩ ለቆላ ተስተካክሎ የመጣ ከሆነ እዚህ ሙሉ ሰጥተውም 5200 ዙር ላይደርስ ይችላል። በሙሉ መስጫ ከ5200 በታች መቆየት ለሞተሩ ሸክም ነው፤ የቅጠሉ ማዕዘን መቀነስ አለበት።

ስለ ጓደኛዎ ክብደት። በ1700 ሜትር ላይ መደበኛው ሙቀት 4 ዲግሪ ነው። ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ 28 ካለ 24 ዲግሪ ትርፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 36 ሜትር ተኩል ያህል ሲጨመር አየሩ በ2575 ሜትር ላይ እንዳለ አየር ሳስቷል። ያን ጊዜ 100 የፈረስ ጉልበትዎ 75 ገደማ ነው፤ ክንፉም የሚያነሣው በበለጠ ፍጥነት ነው፤ የመነሻ ርቀቱ ባሕር ወለል ላይ ከተጻፈው እጅግ ይረዝማል። ጠዋት በ15 ዲግሪ ከተነሡ ጉልበቱ 79 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለመውጣት የሚተርፈው ጉልበት ግን ከዚያችው ትርፍ ላይ ነው የሚቆረጠው። አስፋልቱ ረጅም ነው ብለው አይዘናጉ፤ ርቀት ያነሣል እንጂ ከፍታ አያወጣም። ግማሽ መንገድ ላይ የመነሻ ፍጥነቱ 70 በመቶ ካልተገኘ መስጫው ይመለስ።

ጠዋት የምለው ለሙቀቱ ብቻ አይደለም። ከሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ጠብቀው የሚውሉት አባ ኮዳዎች መሬቱ ሲሞቅ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ጀምሮ፣ በሚነሣው አየር እየዞሩ ከፍ ይላሉ። ክንፋቸው ሲዘረጋ ሁለት ሜትር ተኩልና ከዚያም በላይ የሚሆን ወፍ ነው። ወፍ ሲደነግጥ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ በላዩ ማለፍ ይሻላል። ከአንድ ሰዓት በፊት ተነሥተው ከሦስት ሰዓት በፊት ቢያርፉ አብዛኞቹን አያገኟቸውም። ያ ሰዓት ግን ከሐይቁ እርጥበት ጋር ካርቡሬተር በረዶ የሚይዝበትም ነው፤ ዙር ያለ ምክንያት ቀስ እያለ ሲወርድ ሞቃት አየሩን ይክፈቱ፣ መጀመሪያ ቢብስበትም አይዝጉት።

ሐይቁ በሰፊው ቦታ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ነው፤ መሃሉ ላይ ሆነው ዳርቻው 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ይርቃል። አውሮፕላንዎ አንድ ሜትር ሲወርድ አሥር የሚሄድ ቢሆን እንኳ 450 ሜትር ከፍታ ይበላል፤ ለንፋሱና ለመደንገጡ ያንን እጥፍ ያድርጉት። ከዚያ በታች ከሆኑ ዳርዳሩን ይሂዱ። የሕይወት ጃኬት መቀመጫ ሥር ሳይሆን በገላ ላይ ይደረጋል፤ ከአውሮፕላኗ ሳይወጡ ግን አይነፋም፤ ውስጥ ከተነፋ ጣሪያው ላይ ሰቅሎ ያስቀራል። ጎማዋ የማይታጠፍ አውሮፕላን ውሃ ላይ ስትወርድ ትገለበጣለችና በሩ ከመንካቷ በፊት ይከፈት።

የመጀመሪያው በረራ ብቻዎን ይሁን፤ 30 ደቂቃ፣ ከሜዳው ሳይርቁ፣ ዘይቱ አንድ ጊዜ 100 ዲግሪ እስኪያልፍ ድረስ፤ የክረምቱ ውሃ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ከ130 ግን አይለፍ። ካረፉ በኋላ ሽፋኗን አውልቀው አዲሶቹን ማያያዣዎች በሙሉ በጣትዎ ይዳስሱ፤ የሚያርስ ካለ ያሳያል። ከዚያ ታንኩን ከፍተው ፕሮፔለሩን ያዙሩ፣ ጉልግልታውን ይጠብቁ፣ ዘይቱን ይለኩና ቁጥሩን ከሰዓቱ ጋር መዝገቡ ላይ ይጻፉት። ጓደኛዎ በሁለተኛው በረራ ይግባ።